ጤናማ ሕይወት በዩኒቨርሲቲ ግቢ

በየዓመቱ በርካታ ወጣቶች የመልቀቂያ ፈተናቸውን አልፈው፣ ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፣ ወደ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ይጓዛሉ። አንዱ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሌላው ከሚያውቀው ቋንቋና ባህል ወደማያውቀው ይሻገራል። እስከዚያች ዕለት ድረስ ምግባቸውን የምታዘጋጅ እናት፣ አምሽተው ሲገቡ የሚጠይቅ አባት፣ ከቤታቸው ቅርብ የሆነ ንስሐ አባት ነበራቸው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ግን መቼ እንደሚተኙ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ሲታመሙም ለማን እንደሚናገሩ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።

ወላጆች ልጆቻቸውን ሲሸኙ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ሃይማኖታቸው አብዝተው ይመክራሉ፤ ይህም የሚገባ ነው። የጤና ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሕመም ከመጣ በኋላ ነው። በመንፈሳዊ ሕይወት የሚተጉ አንዳንድ ተማሪዎችም ለሥጋ መጠንቀቅ የእምነት ማነስ፣ ሕመምን መናገር ደግሞ የትዕግሥት ጉድለት ይመስላቸዋል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ አንድ ኦርቶዶክሳዊ ተማሪ በግቢ ቆይታው ሥጋውን፣ አእምሮውንና ነፍሱን በአንድነት እንዴት ሊጠብቅ እንደሚገባው እንመለከታለን።

ጤና ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ጤናን የሚተረጉመው ከበሽታ ነጻ በመሆን ብቻ አይደለም፤ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ሕይወት ደኅንነትንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ ኦታዋ የወጣው ቻርተርም ጤና በሐኪም ቤት ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ሰዎች በሚኖሩበት፣ በሚማሩበትና በሚሠሩበት ቦታ የሚገነባ መሆኑን አስገንዝቧል። ይህን አሳብ በማስፋት እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው በካናዳ የወጣው የኦካናጋን ቻርተር በተለይ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኮሌጆች የተዘጋጀ ነው። ተማሪው የሚያድርበት ክፍል፣ የሚመገብበት አዳራሽ፣ ከመምህራኑና ከጓደኞቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ ጤናውን የሚነካ ስለሆነ፣ የግቢ ጤና ለክሊኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አለመሆኑን ያሳያል።

ሰው የነፍስና የሥጋ ተዋሕዶ መሆኑን ለምናምን ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሥጋን የክፉ አምላክ ፍጥረት አድርገው የናቁትን መናፍቃን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ አውግዛለች። ጌታችን ሥጋችንን ተዋሕዷል፤ የምንጠመቀው በሥጋችን ነው፤ ቅዱስ ቁርባንን የምንቀበለው በሥጋችን ነው፤ በትንሣኤ የምንነሣውም ሥጋችንን ይዘን ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን፣ እኛም የራሳችን አለመሆናችንን አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። እንግዲህ ሥጋን መጠበቅ ማለት በአደራ የተሰጠን ቤተ መቅደስ መጠበቅ ማለት ነው። ይህም ሥጋን በምኞቱ ከማስገዛት ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የሚጠበቀው ለአገልግሎትና ለቅድስና እንዲተጋ ነውና።

እንቅልፍና ዕረፍት

በግቢ ሕይወት ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው እንቅልፍ ነው። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ የትጋት ምልክት ተደርጎ ይታያል። የወጣት አካል ግን በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። በእንቅልፍ ጊዜ አእምሮ ቀን የተማረውን በማስታወስ ውስጥ ያጸናል፤ ስለዚህ ሳይተኛ ያነበበ ተማሪ የደከመበትን ያህል ፍሬ አያገኝም። እንቅልፍ በተከታታይ ሲጓደልም ቁጣ፣ ጭንቀትና የትኩረት ማነስ ይከተላሉ።

ለእንቅልፍ ማጣት ዋናው ምክንያት ሁልጊዜ ጥናት አይደለም። በርካቶችን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያቆየው የእጅ ስልክ ነው። ማታ ከጸሎት በኋላ ስልክን ከአልጋ ማራቅ ቀላል ቢመስልም ብዙ ይጠቅማል። በማኅሌትና በአገልግሎት የሚተጉ ተማሪዎችም ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን እንደሚያድሩ አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ ጥናታቸውን ቀድመው ጨርሰው በማግሥቱ የሚያርፉበትን ጊዜ ሊያዘጋጁ ይገባል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት በተመለሱ ጊዜ፣ የሚመጣው ሰው ብዙ ሆኖ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዟቸዋል (ማር. 6፥31)። ዕረፍት ከስንፍና የሚለየው በልክና በጊዜው ሲሆን ነው።

ምግብና ጾም

ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለሦስት ዓመት እንዲማሩ የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ። ከሀገራቸው ርቀው፣ በባዕድ ቋንቋና ትምህርት መካከል ሳሉ፣ ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ መረጡ፤ በዐሥር ቀን ፈተናም ፊታቸው አምሮ ተገኘ (ዳን. 1፥5-15)። ይህ ታሪክ ጾምና ትምህርት የማይጣሉ መሆናቸውን ለዛሬው ተማሪ ያስረዳል።

የጾም ምግባችን በአግባቡ ከተዘጋጀ ገንቢ ነው። እንጀራ ከምስር፣ ከሽሮ ወይም ከክክ ወጥ ጋር ሲበላ የእህሉና የጥራጥሬው የፕሮቲን ይዘት እርስ በርሱ ይሟላል። ጎመን፣ ምስርና ሌሎች ጥራጥሬዎች ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን ይሰጣሉ፤ ከእነርሱ ጋር ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን መጨመር ሰውነት ማዕድኑን በተሻለ እንዲጠቀምበት ይረዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይህን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ከምግብ ጥቂት ዘግየት አድርጎ መጠጣት ይመረጣል። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው በተፈጥሮ ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተትን የመሳሰሉትን በተቻለ መጠን መመገብ ተገቢ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ተማሪዎች ዋናው ችግር የምግብ ቤቱ ሰዓት ነው። ምሳ በስድስት ሰዓት ተወስዶ እስኪበላ ሲቆይ፣ በተለይ በሞቃት አካባቢ፣ ሊበላሽና ሊመርዝ ይችላል። ተማሪዎች በተናጠል ከመቸገር ይልቅ በኅብረት ሆነው ከተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች ጋር በትሕትና ቢነጋገሩ የሰዓት ማስተካከያ ሊገኝ ይችላል። ይህ ባይሳካ ደግሞ አባቶቻችን የአብነት ተማሪዎች የኖሩበት በሶና ቆሎ ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ ነው።

የታመመ ሰውስ? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ በሕመም የደከመውን በጤነኛው ልክ አያስገድድም። የስኳር ሕመም ያለበት፣ የጨጓራ ቁስል የሚያሠቃየው፣ በሰዓቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘለት ተማሪ ሁኔታውን ለሐኪሙ ይጠይቅ፤ የሐኪሙን ቃል ይዞም ለንስሐ አባቱ ይንገር። በራስ ፈቃድ መጾምን መተውም፣ ሕመምን ደብቆ ራስን መጉዳትም ሁለቱም ከመንገድ መውጣት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ስለ ሆዱና ዘወትር ስለሚይዘው ሕመም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ምክር መስጠቱን እናስታውስ (1ኛ ጢሞ. 5፥23)።

በማደሪያ ክፍል ከሚተላለፉ ሕመሞች መጠንቀቅ

በአንድ ክፍል ብዙ ሆኖ ማደር ፍቅርንም በሽታንም ያጋራል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በትንፋሽ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ተጨናንቀው በሚያድሩበት፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል በቀላሉ ይስፋፋል። መስኮት መክፈት ቀላልና ብርቱ መከላከያ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት ተማሪ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የአንገት መገተር በአንድነት ሲታዩ ደግሞ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የአንጀት ተስቦና ተቅማጥ የሚመጡት በአብዛኛው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚያጠራጥርን ውኃ አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት ይጠቅማል። ውኃ በሚቋረጥባቸው ግቢዎች ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ በጀሪካን ማስቀመጥን የክፍሉ ተማሪዎች በተራ ሊይዙት ይችላሉ። ምላጭን፣ ፎጣንና የጥርስ ብሩሽን መዋዋስ የመተሳሰብ ምልክት አይደለም፤ በሽታን የሚያሸጋግር ልማድ ነው።

ሱስ፦ ደስታ የሚመስል ባርነት

ጫት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ በቀላሉ ይገኛል፤ ተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ለጥናት» በሚል ምክንያት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮን ለጊዜው ያነቃቃል፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ግን ያርቃል። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት ይተካል፤ ያን ለማስታገሥ መጠጥ ይፈለጋል፤ በመጠጡ ምክንያትም ለዝሙትና ለጠብ በር ይከፈታል። አንዱ ሱስ ሌላውን የሚጠራው በዚህ መንገድ ነው። በስልክ የሚደረገው የስፖርት ውርርድም እንዲሁ ነው፤ ወላጅ ለደብተርና ለሳሙና የላከውን ገንዘብ ከወሰደ በኋላ ዕዳ፣ ውሸትና እፍረት ያስከትላል።

በሱስ የተያዘን ወንድም በንቀት ማራቅ ወደ ጥልቁ መግፋት ነው። ሱስ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ሕክምና የሚያሻው ሕመምም ነው። ስለዚህ መውጫው በሁለት እግር የሚሄዱበት ነው፤ በአንድ በኩል ንስሐ፣ ጸሎትና ቅዱስ ቁርባን፣ በሌላ በኩል የባለሙያ ምክርና ሕክምና። ከዚህ ጋር የሚውሉበትን ቦታና ጓደኛ መለወጥ፣ ባዶ የነበረውን ሰዓት በስፖርት፣ በመዝሙር ጥናትና በአገልግሎት መሙላት ያስፈልጋል። ወድቆ የተነሣውም «ድሮም አውቀነው ነበር» ሳይባል በፍቅር ሊያዝ ይገባዋል።

የአእምሮ ጤናና የተሰወረው ሐዘን

በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁሉም እንደ እርሱ አንደኛ የነበሩ ሆነው ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ሲልበት፣ መንደሩ ሁሉ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» እያለ የሸኘውን በማሰብ ያፍራል፤ ለቤተሰቡ ስልክ መደወል ይፈራል። በዚህ ላይ የቤተሰብ ችግር፣ የሀገር አለመረጋጋት ወይም የወዳጅ ሞት ሲጨመር ሐዘኑ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ሐዘንና ጭንቀት የሰው ሁሉ ናቸው። ነገር ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየዕለቱ የሚቆይ የመከፋት ስሜት፣ ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ከሰው መራቅ፣ ራስን የማይረባ አድርጎ መቁጠር ከታየ ድባቴ የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም በምክርና በመድኃኒት የሚታከም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት በቁስሉ ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ታላቁ ነቢይ ኤልያስ በእሳት የመለሰለትን አምላክ ባከበረ ማግሥት በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኖ ነበር። እግዚአብሔር ግን አልተቈጣውም። አስቀድሞ አስተኛው፤ በመልአኩ እጅ እንጀራና ውኃ አበላው፤ ደግሞ አስተኛው፤ ደግሞም አበላው፤ ከዚህ በኋላ ወደ ኮሬብ አድርሶ በቀስታ ድምፅ አነጋገረው (1ኛ ነገ. 19፥4-13)። ያዘነን ወንድም እንዴት እንደምንይዝ ከዚህ እንማራለን፤ ከተግሣጽ በፊት ዕረፍት፣ ከስብከት በፊት ምግብ፣ ከሁሉም ጋር አብሮ መሆን።

አንድ ተማሪ መኖር እንደሰለቸው ወይም ሕይወቱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከተናገረ ነገሩ እንደ ቀልድ ሊታለፍ አይገባም። በግልጥ መጠየቅ አሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አይተው፤ ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ ንስሐ አባቱና የሚያምነው ቤተሰቡም ይጠሩ። እንዲህ ያለውን ምሥጢር ደብቆ መያዝ ወዳጅነት አይደለም፤ ነፍስን ማዳን ከሚስጥር ይበልጣልና።

ጥቃት የደረሰባት እኅትም እንዲሁ ናት። በደሉ የአጥቂው እንጂ የእርሷ አይደለም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነና ፈጥኖ መጀመሩም የበለጠ ስለሚጠቅም፣ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው የምታምነው ሰው አጅቧት ወደ ሕክምና መድረስ ነው። ጥያቄና ወቀሳ ይቆይ፤ አለኝታነት ይቅደም።

ጠበልና ሕክምና

በግቢዎች ውስጥ ልብ የሚሰብር ጉዳት ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ፣ የጀመሩትን መድኃኒት አቋርጦ ጠበል መግባት ነው። ለሚጥል ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስና ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ካቋረጡት በሽታው መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ወደ ሌሎችም በዚያው ጠባዩ ይተላለፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። የድባቴ መድኃኒትም ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልረዳኝም» ብሎ ወዲያው መተው አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ጠበልንና ሕክምናን አታጣላም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ የታመመ ሰው ጸሎትንም ሐኪምንም እንዳይተው ያስተምራል (ሲራ. 38፥1-14)። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ ዕድሜ ጨምሮለታል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዟል (ኢሳ. 38፥5፤ 21)። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቈላ. 4፥14)፤ ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስም ያለ ዋጋ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ዘኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የማይጋጩ መሆናቸውን በይፋ አስታውቀዋል። እንግዲህ ተማሪው ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይውሰድ። መድኃኒትን የሚያስቆመው ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

የግቢ ጉባኤያትና የቤተሰብ ድርሻ

ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቴና አብረው ተምረዋል። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ስለ ወዳጁ በተናገረው ድርሳን እንደመሰከረው፣ በዚያች ፈተና በበዛባት ከተማ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህራን የሚወስድ። ቅዱስ ባስልዮስ ሰውነቱ ደካማ ስለነበር ከሌላው ትምህርት ጋር የሕክምናንም ጥበብ ተምሯል፤ ኋላም በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ሕሙማን የሚታከሙበት፣ እንግዶችና ድሆች የሚያርፉበት ታላቅ መጠለያ መሥርቷል። የተማሪነት ወዳጅነትና የራስ ሕመም እንኳ በእግዚአብሔር እጅ ለብዙዎች ፈውስ ምክንያት እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

የግቢ ጉባኤያትም ከትምህርተ ሃይማኖት ጋር የአባላትን ጤና ሊያስቡ ይችላሉ። በጉባኤ ሁለትና ሦስት ጊዜ የቀረን ሰው «ለምን ቀረህ?» ከማለት በፊት ክፍሉ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ አዲስ ገቢዎችን ክሊኒኩ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚስተናገዱ ማሳየት፣ የሕክምናና የሥነ ልቡና ትምህርት የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች በሙያቸው እንዲያስተምሩ መጋበዝ፣ ለታመመ ተማሪ የትምህርት ማስታወሻ መጻፍና ምግብ ማድረስ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። አገልጋዮችም ራሳቸው ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው እንዳይደክሙ ሥራን ሊከፋፈሉ ይገባል።

ወላጆች ደግሞ ሲደውሉ ከ«ውጤትህ ስንት ሆነ?» በፊት «እንዴት ሰነበትክ? ትተኛለህ? ትበላለህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ልጃቸው በጨነቀው ቀን ደፍሮ ይነግራቸዋል። የንስሐ አባቶችም ስለ ኃጢአቱ ሲጠይቁ ስለ ሕመሙም ቢጠይቁ፣ ወደ ሐኪም ለመሄድ የሚያመነታውን በቃላቸው ሊያበረቱት ይችላሉ።

በቅፍርናሆም ሽባውን ወደ ጌታችን ያደረሱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ በሩ በሕዝብ ቢዘጋባቸው ጣራውን ከፍተው አወረዱት (ማር. 2፥1-12)። ሽባው በራሱ እግር መሄድ አይችልም ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግቢም ሕመሙን በራሱ እግር ወደ ሐኪምም ወደ ካህንም ማድረስ ያልቻለ ወንድም፣ ያልቻለች እኅት በአጠገባችን ባለው አልጋ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ቃሬዛውን በአንድ ማዕዘን መያዝ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ተማሪዎቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር